የሞት ቅጣትን ትዕይንት ለፊልም ስንጽፍ

የአዲስ አበባን ታሪክ መነሻ አድርጎ የሞት ቅጣት የሚፈጸምበትን ትዕይንት የሚጽፍ ሰው፣ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ቦታዎቹን በእግሩ ቢያያቸው ይበጃል። መጀመሪያ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሽስት ኢጣልያ የተረሸኑት አቡነ ጴጥሮስ ሐውልታቸው ወደቆመበት ይሂድ። ቀጥሎም ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937፣ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ደግሞ በ1953 ዓ.ም. በስቅላት ወደተቀጡበት ወደ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ይውረድ፤ ዛሬ ታክሲ የሚተራመስበት ይህ ቦታ በእነዚያ ቀናት በሕዝብ ፊት የተፈጸመውን ቅጣት እንዲያስብ ያደርገዋል።

ፊልሞች አዘውትረው የሚሳሳቱት ሞትን ፈጣንና የተስተካከለ አድርገው በማሳየት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1890 በኒው ዮርክ ግዛት ዊልያም ኬምለር የተባለ እስረኛ ለመጀመሪያ ጊዜ በኤሌክትሪክ ወንበር ሲቀጣ፣ 17 ሰከንድ ያህል ኃይል ከተለቀቀበት በኋላ ሞቷል ተባለ፤ ነገር ግን መተንፈሱ ስለታየ እንደገና ኃይል ተለቀቀበት። እንዲህ ያለውን ሲጽፉ ካሜራው ሥቃዩን እንዲያሳድድ ማድረግ አያስፈልግም፤ «አበቃ» ብሎ የነበረውን ሰው ፊት፣ ቀጥሎም በክፍሉ የሰፈነውን ዝምታ ማሳየት ይበቃል። በእኛ ከተማ ደግሞ ከተመልካቾቹ መካከል የሟች ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሊኖር ስለሚችል፣ ጽሑፉን ከቀረጻ በፊት ለቤተሰቡ ማስነበብ ተገቢ ነው።