ዲግሪ ሳይጠይቁ የመኪና ኤሌክትሪሺያን መቅጠር

መጀመሪያ ጋራዤ በር ላይ «ዲግሪ ያለው» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍኩ። የመጣው ልጅ ስለ ሞተር ሲያወራ ያስደምማል፤ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ግን ይዞ አያውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወረቀት ጠየቅኩ፣ ወረቀት መጣልኝ።

አሁን ማስታወቂያው ላይ ሥራውን ራሱን እጽፋለሁ፤ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻውን) መፍታት፣ ዲናሞ (ባትሪ የሚሞላውን) መጠገን፣ ሽቦ መዘርጋት። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ካለው ደስ ይለኛል፤ ምዘናው የተግባር ፈተና አለውና። ከሌለውም አልመልሰውም።

ከዚያ «ባትሪ ይጨርሳል» የተባለ ቪትዝ አቀርብለትና ዝም ብዬ አያለሁ። ጎበዙ ወዲያው «ባትሪ ይገዛ» አይልም። ሞተሩ ጠፍቶ ይለካል፤ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው። አስነስቶ ደግሞ ይለካል። ወደ 14 ካልወጣ ዲናሞውን ይጠረጥራል፤ ግን ቺንጋውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) እና ሽቦውንም ሳያይ አይፈርድም። ዲናሞ ከመፍታቱ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ የሚነቅል ከሆነ፣ በልቤ ቀጥሬዋለሁ።

ቢወድቅም የቀኑን እከፍለዋለሁ። ሰው በነፃ ማሠራት ነውር ነው።

ካለፈ የሙከራ ቅጥር በጽሑፍ እንፈራረማለን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሙከራው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም።