የአገር የጂኦሎጂ ካርታ ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የጂኦሎጂ ካርታ የሚሠራው ለማዕድን ኩባንያዎች ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ግድብ የሚገነባው መሐንዲስ፣ ውሃ ፈልጎ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ቡድን፣ ከተማ የሚያሰፋው ፕላን አውጪ፣ አፈር የሚያጠናው የግብርና ባለሙያ፣ ሁሉም ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ቦታ ከሥር ያለው ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ አገሩን በሙሉ የሚሸፍን መልስ የሚያዘጋጅ የግል ድርጅት የለም። ኩባንያ የሚያጠናው ፈቃድ ያወጣበትን ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው የመንግሥት ነው። ሲበላሽም የሚባክነው የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ለኢንቨስተርም ቢሆን ካርታው የሚሰጠው ወርቅ አይደለም። ጥርጣሬውን ይቀንስለታል። የት መቆፈር እንደሌለበት ያወቀ ኩባንያ ገንዘቡን ተስፋ ባለበት ቦታ ላይ ያውላል። ቀጥሎ ያሉት ስህተቶች ይህን ጥቅም የሚያጠፉ ናቸው። ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ የባሱት ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ካርታውን የሀብት ማስታወቂያ ማድረግ

በ2010 የአሜሪካ ባለሥልጣናት አፍጋኒስታን ውስጥ ወደ 1 ትሪሊዮን ዶላር የሚጠጋ ያልተነካ ማዕድን አለ ብለው ተናገሩ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ቁጥሩ ግን መሬት ውስጥ ሊኖር ይችላል የተባለ ማዕድን ዋጋ ነው። መንገዱ፣ መብራቱ፣ ውሃው፣ የሰላሙ ጉዳይ፣ የማውጫው ወጪ አልተቀነሰበትም። መስ አይናክ የሚባለው ትልቁ የመዳብ ቦታ እኮ ገና በ2007 ለቻይና ኩባንያ ተሰጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ አልፎም መዳብ ማምረት አልተጀመረበትም።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሁለት ቦታ ይጎዳል። ሕዝቡ ነገ ሀብታም እንሆናለን ብሎ ይጠብቃል፣ ሳይሆን ሲቀር ተዘረፍኩ ይላል። ሥራውን የሚያውቀው ኢንቨስተር ደግሞ የተጋነነ ቁጥር ሲያይ ሌላውንም መረጃ ማመን ይተዋል።

ደረጃዎቹን ለይቶ መናገር ከባድ አይደለም። አንድ ቦታ ድንጋይ ላይ ወርቅ ከታየ የተገኘው ምልክት ነው። ተቆፍሮ፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ገብቶ፣ መጠኑና ጥራቱ ሲሰላ የሀብት ግምት ይሆናል። ወጪው፣ ገበያው፣ ሕጉ፣ በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ተሰልቶ ያዋጣል ከተባለ ብቻ ነው ሊመረት የሚችል ክምችት አለ የሚባለው። አውስትራሊያ ጆርክ የተባለውን ደንብ በ1989 ያወጣችው እነዚህ ነገሮች እንዳይደባለቁ ነው። አገር አቀፍ ካርታ የሚያደርሰው እስከ መጀመሪያው ደረጃ ነው። ቢበዛ “እዚህ አካባቢ ቢፈለግ ይሻላል” ይላል። ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ከዚያ በላይ እንዲናገር አታስገድዱት።

መረጃውን መቆለፍ

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው።

ምክንያቱ ይገባኛል። አንዱ ኃላፊ መረጃውን ያየ ሰው ሁሉ ማዕድኑን በርካሽ ይወስድብናል ብሎ ይፈራል። ሌላው ደግሞ በውድ ሸጠን ገቢ እናግኝበት ይላል። ሁለቱም አያዋጡም። ማዕድን ፈላጊ ኩባንያ ብዙ አገር አማራጭ አለው። የአንዱን አገር መረጃ ዛሬ ማታ ከኢንተርኔት አውርዶ ማየት ይጀምራል፣ የሌላውን ለማግኘት ግን ደብዳቤ ጽፎ፣ ከፍሎ፣ ከቢሮ ቢሮ ተመላልሶ መጨረሻ ላይ የማይነበብ የስካን ወረቀት ይሰጠዋል። የትኛው አገር እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ሀብትን የሚጠብቀው ጥሩ የፈቃድ ሕግ፣ ሮያሊቲ (ከሚወጣው ማዕድን ለመንግሥት የሚከፈለው ድርሻ)፣ ግብር እና የማይዘናጋ ቁጥጥር ነው። የተቆለፈ ቁም ሳጥን ማንንም አይጠብቅም። እንዲያውም መረጃ ሲቆለፍ ውስጥ ሰው ያለው ያገኘዋል፣ የሌለው ይቀራል፤ ለሙስና ከዚህ የተሻለ በር የለም።

ክፍት መረጃ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ኦሊምፒክ ዳምን እንውሰድ። ይህ የደቡብ አውስትራሊያ ግዙፍ የመዳብ፣ የዩራኒየምና የወርቅ ክምችት በ1975 ሲገኝ ከ300 ሜትር በላይ ውፍረት ባለው ሌላ ድንጋይ ተሸፍኖ ነበር። ላዩ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። ዌስተርን ማይኒንግ የተባለው ኩባንያ ቦታውን የመረጠው ጂኦሎጂስቶቹ የነበራቸውን ሐሳብ ከመንግሥት የማግኔትና የስበት ጥናቶች፣ ማለትም ሳይቆፈር ከሥር ያለውን ድንጋይ ለመገመት ከሚረዱ ልኬቶች ጋር አስተያይቶ ነው። እነዚያን ጥናቶች ያካሄዱት ሰዎች ከሥር ምን እንዳለ አያውቁም ነበር። ለክተው፣ ካርታ ሠርተው፣ ለሁሉም ከፈቱት።

መረጃውን መክፈት ያለበት መንግሥት ብቻም አይደለም። ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ፈቃድ የወሰደ ኩባንያ የፍለጋ ሪፖርቱን ለመንግሥት ያስገባል፣ የተወሰነ ዓመት ሲያልፍም ሪፖርቱ ለሕዝብ ይከፈታል። አንዱ ፈልጎ ያጣበትን ቦታ ቀጣዩ ከዜሮ አይጀምረውም። “እዚህ ተቆፍሮ ምንም አልተገኘም” የሚል ሪፖርትም ዋጋ አለው፤ ብዙ አገር ግን ይህን ዓይነቱን ሪፖርት ማንም አይሰበስበውም።

የድሮ ወረቀትም አይናቅ። በ1990ዎቹ ጦርነት የካቡል ጂኦሎጂስቶች በሶቪየት ዘመን የተሠሩትን ካርታዎች እንዳይዘረፉ ቤታቸው ወስደው ደበቁ፣ ከ2001 በኋላም መለሱ። ኋላ የመጡት የአሜሪካ ተመራማሪዎች መነሻ ያደረጉት እነዚያን ካርታዎች ነው። አዲስ የአውሮፕላን ጥናት ከመጠየቃችሁ በፊት መጋዘን ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ቁጠሩ፣ ዲጂታል አድርጉት። ከአዲስ ጥናት በጣም ይረክሳል።

ኮርና ናሙና መጣል

በቁፋሮ የሚወጣው ረጅም የድንጋይ ዘንግ፣ ባለሙያዎቹ ኮር የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይሰነጠቃል። ግማሹ ይመረመራል፣ ግማሹ ለማመሳከሪያ ይቀመጣል። ብሬኤክስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ በ1990ዎቹ ኢንዶኔዥያ ቡሳንግ ላይ ሲቆፍር ይህን አላደረገም፤ ሙሉውን ፈጭቶ ይልክ ነበር። ስለዚህ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ ማረጋገጥ አልቻለም። በ1997 ገለልተኛ ቁፋሮ ሲደረግ ወርቁ ናሙናው ላይ የተጨመረ መሆኑ ታወቀ፣ በቢሊዮን ዶላር የሚገመት አክሲዮንም ባዶ ሆነ። ካናዳ በ2001 ኩባንያዎች ስለ ማዕድናቸው የሚሰጡትን መግለጫ የሚገዛውን ደንቧን ያጠበቀችው ከዚህ በኋላ ነው።

ለመንግሥት ትምህርቱ ቀላል ነው። ኮር ማስረከብ የፈቃድ ግዴታ ይሁን። ደረቅ መጋዘን ይኑር፣ ሳጥኑ ላይ የጉድጓዱ ቁጥርና ጥልቀቱ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። ድሮ ለወርቅ ተብሎ የተቆፈረ ኮር ዛሬ ለሊቲየም እንደገና ሊመረመር ይችላል፣ አዲስ ጉድጓድ ሳያስፈልግ።

ካርታውን ከመስፈርቱ በላይ ማንበብ

በ1:2,000,000 መስፈርት የተሠራ ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 20 ኪሎ ሜትር ነው። በ1:50,000 ላይ ደግሞ 500 ሜትር። የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ላይ ብታጎሉት ደብዛዛ ፎቶ እንደማጉላት ነው፤ መስመሩ ይወፍራል እንጂ አዲስ ነገር አይታይም። ሆኖም በእንዲህ ያለ ካርታ የፈቃድ ወሰን ሲሰመር፣ የግድብ ቦታ ሲመረጥ ይታያል። አገሩን በሙሉ የሚያሳየው ካርታ የት በዝርዝር መሠራት እንዳለበት ይምረጥ። ዝርዝሩ ደግሞ አስቸኳይ ከሆነው ቦታ ይጀምር፤ አገሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ በ1:50,000 እሠራለሁ ብሎ የተነሳ ዕቅድ ብዙውን ጊዜ መሃል ላይ ይቆማል።

አውሮፕላኑ በረረ፣ ሥራው አለቀ ማለት

ከአውሮፕላን የሚሠራ ጥናት ፈጣን ነው፣ ያምራልም። ቀለም በቀለም የሆነ ካርታ ይወጣል፣ ሚኒስትሩም ደስ ይለዋል። ግን መሣሪያው ወርቅ አያይም። የማግኔት መለኪያው የሚያየው የድንጋዮችን የማግኔት ልዩነት ነው፤ ካርታው ላይ ቀይ ሆኖ የወጣው ቦታ የማዕድን ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ባዛልት የሚባለው ተራ ጥቁር ድንጋይም ሊሆን ይችላል፣ የብረት ጣራ ያለው መጋዘንም ሊሆን ይችላል። የጨረር መለኪያው ፖታሲየም፣ ዩራኒየምና ቶሪየም ሲለካ የሚያነበው የላይኛውን ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የበረራ መስመሮቹ በ400 ሜትር ተራርቀው ከሆነ ደግሞ መካከል ላይ ያለ ጠባብ ነገር ያመልጣል።

መዶሻ ይዞ በእግሩ የሚሄድ ጂኦሎጂስት የግድ ያስፈልጋል። የወንዝ ደለልና የአፈር ናሙናም እንዲሁ። በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቆረጠው የመስክ ሥራው ነው፣ እኔ ግን ከበረራው ላይ ቢቀነስ እመርጣለሁ። ያልተረጋገጠ ሰፊ ካርታ ይዞ ከመቆም የተረጋገጠ ጠባብ ካርታ ይሻላል።

ውሃውን መርሳት

ባንግላዴሽ ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን በሽታ ከሚያመጣ የኩሬ ውሃ ለማላቀቅ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ሐሳቡ በጎ ነበር። ውሃው ውስጥ አርሰኒክ የሚባለው መርዝ ይኑር አይኑር ግን አልተለካም። በ1990ዎቹ ሰዎች ቆዳቸው መቁሰል ሲጀምር ነገሩ ወጣ። የብሪታኒያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይና የአገሩ የጤና ምህንድስና መሥሪያ ቤት በ1998 እና በ1999 ወደ 3,500 ጉድጓዶች መረመሩ፤ ከአራቱ አንዱ ያህል አገሩ ራሱ ካወጣው ገደብ በላይ ነበር። ከ150 ሜትር በላይ ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ግን ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሆነው ተገኙ፣ ምክንያቱም ውሃቸው የሚመጣው በዕድሜ ከገፋ ሌላ የደለል ንጣፍ ነው።

መርዙ ያለበትን ንጣፍ ከሌለበት የሚለየው የጂኦሎጂ እውቀት ነው፣ ከጉድጓዱ በፊት ቢመጣ ኖሮ ስንት ሰው በዳነ። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ለማዕድን ናሙና ሲሰበስቡ መኪናው አንድ ጊዜ ወጥቷልና ውሃውንም ይቅዱ። አርሰኒክ፣ ፍሎራይድና ጨው ይለኩ። ትርፍ ወጪው ከጥቅሙ ጋር አይወዳደርም።

የማይገጥሙ ካርታዎች

ይህ አጭር ነው። አዲንዳን በሚባለው የቆየ የቦታ መለኪያ ሥርዓት የተሠሩ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ካርታዎችን ከዛሬው ጂፒኤስ ጋር ሳያስተካክሉ ማነጻጸር ቦታውን 200 ሜትር ገደማ ያዛባዋል። ለአንድ የወርቅ ደም ሥር 200 ሜትር የትየለሌ ነው፣ ለሁለት ፈቃድ ወሰን ደግሞ የክስ ምክንያት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ካርታዎች አንዱን ድንጋይ በሁለት ስም ከጠሩትም ችግሩ ያው ነው። አንድ መለኪያ፣ አንድ የስም ዝርዝር፣ ከመጀመሪያው ቀን።

ነዋሪው መጨረሻ ላይ እንዲሰማ ማድረግ

የጥናት አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው፣ ብዙ ጊዜ ከ100 ሜትር በታች። ያልተነገረው ሰው ይደነግጣል፣ ከብቱም ይበረግጋል፣ ቀጥሎ መሬታችን ሊወሰድ ነው የሚል ወሬ ይነሳል። በሬዲዮ፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ ከበረራው በፊት ንገሩ። ደግሞ ጠይቁ። በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች የት እንደሚገኝ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። ካርታው ሲወጣ የእነሱ ቦታ ለሌላ የሚሰጥበት ከሆነ ግን በድጋሚ ማንም አይነግራችሁም፣ ልክም ናቸው።

ጥቅሙን በፈቃድ ብዛት ብቻ መለካት

ብዙ ፕሮጀክት የሚዘጋው “ይህን ያህል ፈቃድ ተሸጠ” በሚል ሪፖርት ነው። ከዚያ አማካሪው ሃርድ ዲስኩን ይዞ ይሄዳል፣ የሠለጠነው ወጣት የተሻለ ደመወዝ ያገኛል፣ ድረ ገጹም በዓመቱ አይከፈትም።

የአሜሪካዋ ኬንታኪ ግዛት ከ1960 እስከ 1978 መላ መሬቷን በ1:24,000 ካርታ አሠራች፣ 707 ካርታ። በ2000 የወጣ ጥናት ተጠቃሚዎቹን ጠይቆ ጥቅሙ ከወጪው ቢያንስ 25 እጥፍ እንደሆነ አስልቷል። ከተጠቃሚዎቹ መካከል የውሃ ፈላጊዎች፣ የግንባታ መሐንዲሶችና የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ነበሩ። ጥናቱ የተሠራው ካርታው ካለቀ ከ20 ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉ፤ ካርታው ያኔም በሥራ ላይ ነበር። በጀቱ ሲጻፍ ለሰርቨሩ፣ ለመረጃ ቋቱ ባለሙያና ለኮር መጋዘኑ ጠባቂ ከፕሮጀክቱ በኋላ የሚከፍለው ማን እንደሆነ አብሮ ይጻፍ።