የግራ መስታወቴን ከአጥር ያዳንኩበት ዘዴ

አየርላንድ ውስጥ፣ ዲንግል ባሕረ ገብ መሬት ላይ፣ መኪና ተከራይቼ ብቻዬን እየነዳሁ ነበር። መንገዱ ጠባብ ነው። የግራ መስታወቴ ደጋግሞ ቁጥቋጦውን ይመታል። ቋ! ቋ! ልቤ ከቦታው አልነበረም።

ቬንትሪ የምትባል መንደር ስደርስ ዳር ይዤ አሰብኩበት። እኛ አገር በቀኝ ነው የሚነዳው፣ መሪውም በግራ ነው። እዚህ ሁሉም ተገልብጧል፤ ሰውነቴ ግን አሁንም በለመደው በኩል፣ ወደ መንገዱ ግራ ጠርዝ ይጠጋል። መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ ሹፌር በአብዛኛው አገር በመንገዱ መሃል በኩል ነው የሚቀመጠው። ቀኝ ትከሻዬን ወደ መሃል አስጠጋሁ። መስታወቱ ዝም አለ።

ስሊ ሄድ የሚባለውን የባሕር ዳር ዙሪያ መንገድ ደግሞ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ዙሩ። አስጎብኚ አውቶቡሶች በዚያው አቅጣጫ ስለሚሄዱ ፊት ለፊት አትፋጠጡም። ወደ ዲንግል ከተማ ስትመለሱ ምልክቱ ላይ «ዲንግል» የሚለውን ብቻ አትፈልጉ፤ በአይሪሽ ቋንቋ «አን ዳንጋን» ወይም «ዳንጋን ኢ ኹሽ» ሊል ይችላል።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ነፃ ወጣ። ደንኪን መንደር ላይ ቆሜ እ.ኤ.አ. በ1953 የመጨረሻ ነዋሪዎቹ የለቀቁትን ታላቁን ብላስኬት ደሴት አየሁ። ጋለረስ ያለችው ትንሽ ጸሎት ቤት ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ ድንጋይ በድንጋይ ተደርባ ቆማለች። ግድግዳዋን በእጄ ዳሰስኩት፤ ዝናብ እየዘነበም ውስጡ ደረቅ ነበር።