ጊታሩ ሳይነካ የሚሰማው ድምፅ፦ የቤት ውስጥ ቀረጻ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ኤሌክትሪክ ጊታሩን በኦዲዮ ኢንተርፌስ (የጊታሩን ድምፅ ለኮምፒውተር በሚያቀብለው ሳጥን) በኩል ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ በቤቱ የሚቀርጽ ሰው፣ አንድ ቀን ክሩን ሳይነካ በማዳመጫው ውስጥ «እምምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ መስማቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠረጥረው የጊታሩን ርካሽነት ነው። እኔም አራት ኪሎ አካባቢ በምኖርበት ቤት፣ ጥፋቱ የግድግዳው ሶኬት መሆኑን የደረስኩበት ሁለት ኬብልና አንድ የኖይዝ ጌት ፔዳል (ጊታሩ ዝም ሲል ጩኸትን የሚዘጋ መሣሪያ) ከገዛሁ በኋላ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምርመራ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግ ነው፤ አሠራሩም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነቅሎ ማዳመጥ ነው።

ምልክት፦ የማያቋርጥ ጉርምርምታ

በቅድሚያ የድምፁን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ ከመስመሩ የሚመጣ ጉርምርምታ በአብዛኛው 50 ኸርዝ ወይም እጥፉ 100 ኸርዝ ላይ ይሰማል። በስድስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ጂ የሚባለው ኖታ ደግሞ 98 ኸርዝ ነው። ጊታሩን በትክክል ቃኝታችሁ ይህን ኖታ ስትመቱ፣ ከጉርምርምታው ጋር ሊገጥም ጥቂት ቀርቶት በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ከፈጠረ፣ ችግሩ ከኤሌክትሪክ መስመሩ መሆኑን ያለ ምንም መሣሪያ በጆሯችሁ አረጋገጣችሁ ማለት ነው። የሚሰማው ቀጭንና ማውዙን ስታንቀሳቅሱ የሚለዋወጥ ጩኸት ከሆነ ግን፣ በዩኤስቢ በኩል ከራሱ ከኮምፒውተሩ የመጣ ነው፤ ኢንተርፌሱን ወደ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ማዛወር ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል።

ቀጥሎ የጊታሩን ቮልዩም ወደ ዜሮ ማውረድ ነው። ድምፁ ሳይለወጥ ከቀጠለ ጊታሩ ነፃ ነው፤ ምርመራው ከኬብሉ ጀምሮ ወደ ኮምፒውተሩ መሄድ አለበት። ድምፁ አብሮ ከጠፋ ግን እየለቀመ ያለው ፒክአፑ (ከክሮቹ ሥር ሆኖ እንቅስቃሴያቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ወይም የጊታሩ የውስጥ ሽቦ ነው። ወንበራችሁ ላይ እንደተቀመጣችሁ ጊታሩን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ፤ ድምፁ በአንድ አቅጣጫ ቀንሶ በሌላው የሚጨምር ከሆነ፣ ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል ፒክአፕ በአቅራቢያው ካለ ትራንስፎርመር የሚወጣውን የማግኔት መስክ እየተቀበለ ነው። እዚህ ላይ ከስታቢላይዘሩና ከአምፕሊፋየሩ አንድ ሁለት ሜትር መራቅ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይህ ችግር ለጊታር ሠሪዎችም አዲስ አይደለም፦ የጊታር ኩባንያው የጊብሰን ባለሙያ ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ሐምበከር የተባለው ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ የተሠራው ይህንኑ ጉርምርምታ ለማጥፋት ነው። ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ የተገናኙና ማግኔታቸውም የተገለበጠ በመሆኑ፣ ከውጭ የመጣው ድምፅ እርስ በርሱ ሲጠፋፋ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል።

ክሩን በእጅ መንካትም ብዙ ይናገራል። ስትነኩት ጢዝ የሚለው ድምፅ ቀነስ ካለ የጊታሩ ሽቦ በአግባቡ የተያያዘ ነው፤ ሰውነታችሁ ከአካባቢው የለቀመው ጩኸት በክሩ በኩል ወደ መሬት ሽቦው ወርዷል። መንካታችሁ ምንም ካልለወጠ፣ ከብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ ከሚያርፉበት ብረት) ሥር ወደ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ሽቦ ሳይበጠስ አልቀረም። ስትነኩት ከጨመረ ደግሞ የጃኩ (የኬብሉ መሰኪያ ቀዳዳ) ሁለት ሽቦዎች ተገለባብጠው የተበየዱ መሆናቸውን መጠርጠር ይገባል። ሁለቱም በካውያ በአሥር ደቂቃ የሚስተካከሉ ናቸው።

ጊታሩ ነፃ ሆኖ ከተገኘ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። አዲስ አበባ ለዚህ ምርመራ ሳትጠየቅ የምትሰጠው አጋጣሚ አለ፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ፣ ኢንተርፌሱም በዩኤስቢ ኃይል ብቻ ስለሚሠራ፣ የጎረቤት ጄነሬተር እስኪነሳ ድረስ ያለው ጸጥታ ቤታችሁ ሊሰጥ የሚችለውን ንጹሕ ድምፅ ያሳያችኋል። መብራት በጠፋበት ሰዓት የሌለ ጉርምርምታ ሲመጣ አብሮ ከመጣ፣ መፈለግ ያለበት ሶኬቱ ጋ ነው።

የመሬት ሽቦ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባለ ሁለት ቀዳዳ አሮጌ ሶኬት፣ ወይም መሬት የሌለው ርካሽ አዳፕተር፣ በጎንና በጎኑ ብረት ያለውን የአምፕሊፋየር ስፒና ያለ ችግር ይቀበላል፤ መሣሪያውም ይሠራል፤ መሬቱ ግን የትም አልተገናኘም። የእኔ ሶኬት አዲስና ባለ ብረት ስለነበር ከቶ አልጠረጠርኩትም። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቼ ከቆጣሪው ኃይሉን አጥፍቶ ሽፋኑን ሲፈታው፣ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ከኖራ ብናኝ ጋር ከሳጥኑ ጥግ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቤቱን የሠራው ሰው ሽቦውን ስቦ እስከዚያ ድረስ አምጥቶት ብሎኗን ማጥበቅ ብቻ ነው የተወው። ሽቦው በታሰረ ቀን ጉርምርምታው ጠፋ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ። ሁለት መሣሪያዎች በሁለት ሶኬት መሬት ሲያገኙ በመካከላቸው የሚፈጠረውን ጉርምርምታ ለማጥፋት፣ የአንዱን የመሬት ሽቦ ቆርጦ መጣል የሚመክሩ አሉ። ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል፤ ነገር ግን በዚያ መሣሪያ ውስጥ አንድ ሽቦ ሳጥኑን ቢነካ 220 ቮልቱ በክሩ በኩል እጃችሁ ላይ ይደርሳል። መፍትሄው ሁሉንም መሣሪያ መሬት ባለው አንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ነው። የቱቦ አምፕሊፋየርንም ለመጠገን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊቆይ ይችላል።

ምልክት፦ የደበዘዘ ወይም የትንኝ ዓይነት ድምፅ

ጊታሩ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስል ከደበዘዘ፣ ምናልባት የተሰካው ለኪቦርድ በሚሆነው የላይን መግቢያ ነው። የዚህ መግቢያ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (ኢምፒዳንስ) 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ሲሆን ፒክአፑ ግን 1 ሜጋ ኦም ያህል ይፈልጋል፤ በኢንተርፌሱ ላይ የጊታር ምስል ያለበትን ቁልፍ መጫን ይበቃል። በተቃራኒው ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ኢፌክት) ሲጨመር ድምፁ ትንኝ ጆሮ ሥር የምትዞር ከመሰለ፣ የጠፋው ስፒከሩ ነው። የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በብዛት ስለማያወጣ ሻካራውን ያለሰልሰዋል፤ በቀጥታ ስንቀርጽ የስፒከሩን ሥራ የሚተካ፣ የካቢኔት ሲሙሌሽን የሚባለውን ማስመሰያ በሶፍትዌሩ ውስጥ ማብራት ያስፈልጋል። ውድ ፔዳል ገዝተው ይህችን አንዲት ቁልፍ ሳያበሩ በድምፃቸው የሚያዝኑ ሰዎች አይቻለሁ።

ምልክት፦ ክሩ ተመትቶ ድምፁ ዘግይቶ መምጣት

ኮምፒውተሩ ድምፁን በቁራጭ በቁራጭ እየሰበሰበ ነው የሚያስተናግደው፤ የቁራጩ መጠን ባፈር ይባላል። በ44,100 ኸርዝ ስንቀርጽ 1,024 የሆነ ባፈር ብቻውን 23 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ 128 ሲሆን ወደ 3 ይወርዳል። ድምፅ በአየር አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ ጠቅላላ መዘግየቱ 10 ሚሊሰከንድ ቢሆን ከአምፕሊፋየሩ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ እንደመጫወት ነው፤ እጅ ይህን ይለምደዋል። ስለዚህ በቀረጻ ጊዜ ባፈሩን ዝቅ፣ በሚክስ (የተቀረጹትን ድምፆች በማዋሃድ) ጊዜ ከፍ ማድረግ ነው። በዊንዶውስ ላይ መዘግየቱን ለመቀነስ የኢንተርፌሱን የራሱን የአዚዮ (ASIO) ድራይቨር፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ሶፍትዌር፣ መጫንም ያስፈልጋል። ባፈሩ ሲወርድ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ኮምፒውተሩ አልቻለም ማለት ስለሆነ፣ ብራውዘሩን ዝጉና እንደገና ሞክሩ።

ምልክት፦ ጠንከር ብሎ ሲመታ የሚሰነጠቅ ድምፅ

ወደ ኢንተርፌሱ የገባው ድምፅ ከመግቢያው አቅም በላይ ሆኗል፤ ቀይ መብራት ካያችሁ ያ ቅጂ በኋላ በአግባቡ ማዳን ይከብዳል። በ24 ቢት ስንቀርጽ ዝቅ አድርጎ መቅረጽ ጉዳት ስለሌለው፣ በጣም ጠንክራችሁ በምትመቱበት ቦታ ላይ የድምፁ ጫፍ በመለኪያው ላይ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቀር ጌይኑን (የኢንተርፌሱን የመግቢያ መጠን ቁልፍ) ቀንሱ። ጌይኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ቮልዩሙን ስታዞሩ ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አቧራ ነው፤ በኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ጥቂት ረጭቶ ቁልፉን ሃያ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማዞር ያስተካክለዋል።