የድሮ ቺፕ ሆድ ውስጥ ያለውን ለማንበብ ከየት ይጀመራል?

መጀመሪያ አሲዱን እርሱት። ቺፕ መክፈት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ትኩስ ናይትሪክ አሲድ ነው። ጥቁሩን ፕላስቲክ የሚበላው እሱ መሆኑ ልክ ነው፣ ግን ጢሱ ሳንባም ይበላል፤ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ሴራሚክ የለበሰ ፈልጉ። ሁለት ንጣፍ ተጣብቆ የተሠራ ከሆነ መጋጠሚያው ላይ ቀጭን መሮ አስደግፋችሁ ቀስ እያላችሁ መታ መታ ስታደርጉት ለሁለት ይከፈላል (መነጽር አድርጉ፣ ስባሪው ዓይን አያውቅም)። እሱም ከከበዳችሁ ከአሮጌ ኮምፒውተር ቦርድ ላይ ኢፕሮም የሚባለውን የማስታወሻ ቺፕ ንቀሉ። ጽሑፉ በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዲጠፋ ተብሎ አናቱ ላይ መስኮት ስላለው፣ ምንም ሳትከፍቱ ሲሊከኑ ይታያችኋል።

የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አይሆንም። ብርሃኑ የሚመጣው ከሥር ነው፣ ሲሊከን ደግሞ አያሳልፈውም። ብርሃን ከላይ በሌንሱ በኩል የሚያወርደውን፣ የብረት መመርመሪያውን ማይክሮስኮፕ አግኙ። ፎቶዎቹን ጠርዛቸው እንዲደራረብ አድርጋችሁ አንሱና ሁጂን በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ገጣጥሟቸው።

አሁን ንባቡ። ከመሃል ከጀመራችሁ ትጠፋላችሁ። ዳታሺቱን (እያንዳንዱ እግር የምን እንደሆነ የሚነግረውን የአምራቹን ወረቀት) ይዛችሁ ከዳር፣ ከእግሮቹ ጀምሩ፤ ወፍራሞቹ የብረት መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪኩና መሬቱ (ዜሮ ቮልቱ) ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤንሞስ በሚባለው ዘዴ በተሠሩ ቺፖች ላይ ፖሊሲሊከን የሚባለው የሲሊከን መስመር ዲፊውዥን የሚባለውን ንጣፍ ሲያቋርጥ ካያችሁ፣ መስቀለኛው ላይ ትራንዚስተር አለ። ከመውጫው እስከ መሬት ሁለት ትራንዚስተሮች ተከታትለው ከተሰለፉ ናንድ (ሁለቱም ግብዓት 1 ሲሆኑ ብቻ 0 የሚያወጣ) ነው፣ ጎን ለጎን ከሆኑ ኖር (አንዱም ግብዓት 1 ከሆነ 0 የሚያወጣ)። በቃ፣ ቀሪው ትዕግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው 6502 የተባለው ፕሮሰሰር 3,500 ገደማ ትራንዚስተር ብቻ ስላለው ሰዎች ከፎቶ ላይ አንድ በአንድ ለቅመው በ2010 ብሮውዘር ላይ አስኪደውታል።

ለሙዚቃ ቺፕ የያማሃ ዋይኤም3812ን እመክራለሁ፤ አድሊብና የመጀመሪያው ሳውንድ ብላስተር በሚባሉት የኮምፒውተር ድምፅ ካርዶች ላይ የነበረው ነው። ፕላስቲክ ስለሆነ ራሳችሁ አትክፈቱት፣ ሌሎች ከፍተው ያነሱትን ፎቶ ተጠቀሙ። ቺፕ ላይ የማባዣ ወረዳ ብዙ ቦታ ስለሚወስድ፣ የሳይን (የድምፁ ሞገድ) ሎጋሪዝም ሮም (ቋሚ ማስታወሻ) ላይ ተጽፎ ማባዛቱ ወደ መደመር ተቀይሯል። እንደ ሸማ ጥለት እኩል እኩል የተደረደረ ቦታ ስታዩ ሮሙ እሱ ነው፤ ትራንዚስተር አለ ወይስ የለም እያላችሁ አንድና ዜሮ ጻፉ። ሠንጠረዡ 256 ቁጥር አለው፦ 2137፣ 1731፣ 1543 እያለ እየወረደ መጨረሻው 0 ነው። የእናንተ ቁጥር ወዲህ ወዲያ ከዘለለ ወይ የቢቶቹን (የአንድና ዜሮዎቹን) ቅደም ተከተል ገልብጣችሁ አንብባችኋል፣ ወይ አንድ መደዳ አልፋችኋል።