የተዋጠው ሁሉ ወደ ደም አይገባም፦ የዓሣ ዘይት ስንወስድ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙ ሰው የዓሣ ዘይት ሲገዛ የሚያየው በጠርሙሱ ፊት በጉልህ የተጻፈውን ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉት የኦሜጋ 3 ቅባቶች ለሰውነት ሊጠቅሙ የሚችሉት የአንጀትን ግድግዳ ማለፍ ሲችሉ ብቻ ነው፤ ምን ያህሉ እንደሚያልፍ ደግሞ የአወሳሰዳችን ሁኔታ በእጅጉ ይወስነዋል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ያለ ተጨማሪ ወጪ የሚታረሙ ናቸው።

በባዶ ሆድ መውሰድ

በስፋት የሚታየውና ብዙ የሚያሳጣው ስህተት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላብራራው። አንድ ጠብታ ዘይት በብርጭቆ ውሃ ላይ ቢያርፍ ከላይ ይንሳፈፋል እንጂ ከውሃው ጋር አይቀላቀልም፤ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ተጨምሮበት ሲበጠበጥ ግን ዘይቱ ተበታትኖ ውሃው ነጣ ያለ ይሆናል። በአንጀታችን ውስጥ ይህን የሳሙና ሥራ የሚሠራው ሐሞት ነው። ሐሞት ጉበት ውስጥ ተመርቶ በሐሞት ከረጢት ይጠራቀማል፤ ከረጢቱ ተኮማትሮ ሐሞቱን ወደ ትንሹ አንጀት የሚለቀው ግን ቅባትና ፕሮቲን ያለው ምግብ መድረሱን የሚያበስር ሆርሞን ሲደርሰው ነው። ይኸው ሆርሞን ቆሽትንም ቀስቅሶ ላይፔዝ የተባለውን ቅባት ሰባሪ ኢንዛይም እንዲያፈስ ያደርገዋል። በማለዳ በውሃ ብቻ የተዋጠች አንዲት ካፕሱል፣ የያዘችው ዘይት አንድ ግራም ገደማ በመሆኑ፣ ይህን ሁሉ ሥርዓት በሚገባ የማስነሣት አቅም የላትም።

እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ አንድ ጥናት ልዩነቱን በቁጥር አሳይቷል። የዓሣ ዘይት በተፈጥሯዊ ቅርጹ 8 ግራም ገደማ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ከኢፒኤው 69 በመቶ ያህሉ ወደ ሰውነት ሲገባ፣ 44 ግራም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ግን 90 በመቶ ደርሷል። ከዚህ የምረዳው ሰው ሆን ብሎ ጮማ ይብላ የሚል አይደለም፤ ካፕሱሉ ከዕለቱ ምግቦች ሁሉ ቅባት ከሚበዛበት፣ ለምሳሌ እንቁላል ወይም አቮካዶ ካለበት ማዕድ ጋር ይወሰድ የሚል ነው። የዓሣ ጠረን ያለው ግሳት ያስቸገራቸው ሰዎችም ዘይቱን በምግብ መካከል ሲወስዱት ብዙ ጊዜ ይቀልላቸዋል።

የዘይቱን ቅርጽ አለማጣራት

በዓሣ ውስጥ ኦሜጋ 3 በአብዛኛው የሚገኘው ትራይግሊሰራይድ በሚባል ቅርጽ ነው፤ ይህም ሦስት የቅባት አሲዶች ግሊሰሮል በሚባል አንድ ትንሽ ሞለኪውል ላይ ተያይዘው ማለት ነው። ኢፒኤና ዲኤችኤ የበዛበት የተከማቸ ዘይት ሲዘጋጅ ግን አሲዶቹ ከግሊሰሮሉ ተላቀው ከኢታኖል (ከአልኮል ዓይነት) ጋር ይጣመራሉ፤ ውጤቱም ኢታይል ኤስተር ይባላል። አንዳንድ አምራቾች ከዚያ በኋላ ወደ ትራይግሊሰራይድ ይመልሱታል፣ ሌሎቹ እንዳለ ይሸጡታል። ላይፔዝ ኢታይል ኤስተርን የሚሰብረው በዝግታ ነው። ከላይ በጠቀስሁት ጥናት ኢታይል ኤስተር ቅባት በበዛበት ምግብ ሲታገዝ የተመጠጠው መጠን ሦስት እጥፍ አድጎ እንኳ ከ60 በመቶ አልዘለለም።

ስለዚህ ኢታይል ኤስተር አይረባም ማለት አይደለም። በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጡ፣ በደም ውስጥ እጅግ የበዛ ትራይግሊሰራይድን ለመቀነስ የሚያገለግሉ መድኃኒቶች በዚሁ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። የሚጎዳው ኢታይል ኤስተርን በባዶ ሆድ መውሰድ ነው፤ ሁለቱ ድክመቶች ሲደራረቡ የሚተርፈው ጥቂት ነውና። በማሸጊያው ላይ ቅርጹ ያልተገለጸ ከሆነ ፋርማሲስትን መጠየቅ ይገባል።

የዘይቱን ክብደት እንደ ኦሜጋ 3 መቁጠር

«1000 ሚሊግራም» የሚለው ጽሑፍ የዘይቱን ክብደት እንጂ የኦሜጋ 3ን መጠን አያመለክትም። ያልተከማቸ የተለመደ ካፕሱል የሚይዘው 180 ሚሊግራም ኢፒኤና 120 ሚሊግራም ዲኤችኤ ያህል ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለአዋቂዎች በቂ ነው ያለው የሁለቱ ድምር በቀን 250 ሚሊግራም በመሆኑ፣ ማነጻጸር ያለብን በጀርባ በኩል በደቃቅ ፊደል የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ነው።

የተበላሸ ዘይት መዋጥ

ኢፒኤ አምስት፣ ዲኤችኤ ስድስት ድርብ ትስስር (በካርቦን አተሞች መካከል ያለ፣ በቀላሉ ከኦክስጅን ጋር የሚዋሃድ ማያያዣ) ስላላቸው ከአየር፣ ከብርሃንና ከሙቀት ጋር ሲገናኙ በፍጥነት ይበላሻሉ። አንዷን ካፕሱል ቆርጦ ማሽተት ጥሩ ልማድ ነው፤ ትኩስ ዘይት ለዘብ ያለ የዓሣ ጠረን ሲኖረው፣ የተበላሸው እንደ ቀለም ቅብ የሚሰነፍጥ ሽታና ጉሮሮ የሚከረክር ምሬት አለው። የሎሚ መዓዛ የተጨመረበት ግን ይህን ሊሸፍን ይችላል።

የሚቀንሰውን ምክንያት ሳያውቁ መጠን መጨመር

ለክብደት መቀነሻ የሚሰጠው ኦርሊስታት የላይፔዝን ሥራ ይገታል፤ ኮሌስትሮል ለመቀነስ የሚሰጠው ኮሌስታይራሚን ደግሞ ሐሞትን በአንጀት ውስጥ ይይዛል። የቆሽት ድክመትና የሴሊያክ ሕመምም (በስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት ሕመም) ቅባት እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው ካፕሱል ከመደራረቡ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። ከፍተኛ መጠን የልብ ምት መዛባትን ስጋት ሊጨምር ይችላል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት ከሆነ ደግሞ ቫይታሚን ኤ አብሮ ስለሚበዛ በተለይ ነፍሰ ጡሮች በራሳቸው ውሳኔ ሊወስዱት አይገባም።

በጥቂት ሳምንት ውጤት መፈለግ

ምን ያህል ኦሜጋ 3 በሰውነት ውስጥ እንደሰፈረ ከሚያሳዩት መለኪያዎች አንዱ በቀይ የደም ሕዋሳት ሽፋን ውስጥ ያለውን የኢፒኤና የዲኤችኤ ድርሻ ይለካል። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ስለሆነ በሦስተኛው ሳምንት የተደረገ ምርመራ በአመዛኙ የሚያሳየው ዘይቱ ከመጀመሩ በፊት የተፈጠሩትን ሕዋሳት ነው። ትርጉም ያለው ልኬት የሚገኘው ከሦስት እስከ አራት ወር ሳያቋርጡ ከወሰዱ በኋላ ነው፤ በመሃል የዘይቱን ቅርጽ ወይም የሚወስዱበትን ሰዓት የለወጠ ሰውም ቀኑን መቁጠር ያለበት ከለውጡ ጀምሮ ነው።