የባቡር ሠራተኞችን ትዝታ በፓይተን መፈለግ

ድሬዳዋ ከዚራ ሆኜ የቀድሞ የባቡር ሠራተኞችን ትዝታ እየቀዳሁ እጽፋለሁ። ፋይሉ ሲበዛ የፈለጉትን ማግኘት ይከብዳል። ለዚህ ፓይተን ከተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጋር የሚመጣው ኤስኪውላይት የተባለ የመረጃ ቋት ይበቃል፤ ኤፍቲኤስ5 የሚባል የጽሑፍ መፈለጊያ አለው። ሰርቨርም ኢንተርኔትም አይጠይቅም።

መጀመሪያ ፊደሉን አስተካክሉ። ይቺን እንዳትዘሏት! አንዱ «ሐረር»፣ ሌላው «ሀረር» ብሎ ይጽፋል። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ አይገናኙም። በፓይተን ሪፕሌስ (ፊደል መተኪያ ትእዛዝ) ሐን፣ ኀን፣ ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው ቀይሩ። ዋናውን ጽሑፍ ሳትነኩ የተስተካከለውን ቅጂ መዝግቡ። የምትፈልጉትን ቃልም በዚያው መንገድ አሳልፉት፤ አለዚያ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ጽሑፉ የሚገባበትን የኤፍቲኤስ5 ሠንጠረዥ ስትፈጥሩ ቶክናይዘሩን (ጽሑፉን ለፍለጋ የሚቆራርጠውን) ትራይግራም በሉት፤ ይህ በሦስት ሦስት ፊደል የሚቆርጠው ነው። ነባሪው፣ ማለትም ምንም ካልመረጣችሁ የሚሠራው፣ ሙሉ ቃልን ከሙሉ ቃል ስለሚያገጣጥም፣ «ሀረር» ስትሉት «ከሀረር»ን እና «የሀረርን» አያገኝም። እንደኛ ቋንቋ ፊትና ኋላው ለሚቀጠል ቃል ይህ አይሆንም። ትራይግራም ከቃል መሀልም ያወጣል። ቢያንስ 3 ፊደል ስለሚፈልግ ግን «ድሬ» ብቻ ብትሉት ባዶ ይመልሳል። «ድሬ ዳዋ» ተለያይቶ ከተጻፈም ቀድማችሁ አጣብቁት።

የኤስኪውላይት ስሪታችሁ 3.34 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ውጤቱን በራንክ (በተዛማጅነት ደረጃ) ደርድሩት፤ ይበልጥ የሚቀርበው ከላይ ይመጣል።